በአየር ንብረት ለውጥና በአካባቢ ፍትሕ ላይ የሚሠራ የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ ለመሆን፦ ከየት ይጀመራል፣ እንዴት ይኬዳል?

ይህ መመሪያ ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ወይም ሶሻል ወርክ ተምረው የሙያ ሕይወታቸውን በአየር ንብረት ለውጥና በአካባቢ ፍትሕ ሥራ ላይ ለመመሥረት ለሚያስቡ ነው። የአካባቢ ፍትሕ ስል የብክለትና የአደጋ ጉዳት በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ውሳኔውስ በማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቀውን ሥራ ማለቴ ነው። ብዙዎች ገና ከበሩ የሚመለሱት “ይህ የሜትሮሎጂና የምህንድስና ሰዎች ሥራ ነው” ብለው ነው። እኔ በዘርፉ በቆየሁ ቁጥር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ዝናቡን የሚለካ፣ የወንዙን ሙላት የሚተነብይ፣ የግድቡን ውፍረት የሚያሰላ ሰው አለ። የሚጠፋው ጎርፉ ሲመጣ ማን እንደሚጎዳ፣ ለምን እሱ እንደሚጎዳ፣ እዚያ ቦታ ላይ እንዲኖር ያደረገው ምን እንደሆነ በማስረጃ የሚናገር ሰው ነው። እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግን ጎን ለጎን ቢሄዱ ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄያችሁን ከክስተቱ ወደ ሰዎቹ አዙሩ

በጁላይ 1995 በአሜሪካዋ ቺካጎ ለጥቂት ቀናት ከባድ ሙቀት ገባ። በዚያ ሳምንት ከተለመደው በላይ የሞቱት ሰዎች 739 ደረሱ። ሙቀቱ ለከተማው ሁሉ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሞቱ ግን አንድ አልነበረም። የሶሲዮሎጂ ባለሙያው ኤሪክ ክላይነንበርግ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሰፈሮችን፣ ሰሜን ላውንዴልንና ደቡብ ላውንዴልን፣ አነጻጸረ። በሁለቱም ድህነት አለ፣ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ድሃ አረጋውያን አሉ። በሰሜኑ ግን የሞት መጠኑ ከደቡቡ አሥር እጥፍ ያህል ነበር። መልሱን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። በደቡቡ ሱቆች ክፍት ናቸው፣ መንገድ ዳር ሰው አይጠፋም፣ አንድ አዛውንት ሙቀቱ ሲበረታባቸው ወጣ ብለው የሚያርፉበት ቦታ አላቸው። በሰሜኑ ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፣ ነዋሪው ለቅቋል፣ ባዶ ቦታና ወንጀል በዝቷል፤ አረጋውያኑ በራቸውን ቆልፈው ተቀመጡ፣ ብዙዎቹም እዚያው ሞቱ።

ይህን ቴርሞሜትር አይናገርም። ሰፈር ለሰፈር እየተዘዋወረ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያገኘው።

በዘርፉ የአንድ አደጋ ጉዳት በሦስት ነገሮች ይተነተናል፦ አደጋ አምጪው ክስተት (ጎርፉ፣ ድርቁ፣ ሙቀቱ)፣ በመንገዱ ላይ ያለው ሰውና ንብረት፣ እንዲሁም የዚያ ሰው ተጋላጭነት፣ ማለትም ሲመታ መቋቋምና ማገገም መቻል አለመቻሉ። የመጀመሪያው በአብዛኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች ድርሻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በመሬት፣ በገቢ፣ በሕግ፣ በጾታ፣ በዘርና በሥልጣን የሚወሰኑ ስለሆኑ የእናንተ ናቸው። አይፒሲሲ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው በይነ መንግሥታዊ የሳይንስ ፓነል በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከ3.3 እስከ 3.6 ቢሊዮን ሰዎች እጅግ ተጋላጭ በሆነ ሁኔታ እንደሚኖሩ አስፍሯል። ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት በጎርፍ፣ በድርቅና በማዕበል የደረሰው የሞት መጠን በእጅግ ተጋላጭ አካባቢዎች ተጋላጭነታቸው በጣም ዝቅተኛ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ነበር።

ተጋላጭነት ሊለወጥ እንደሚችል ለማየት ባንግላዴሽን አጥኑ። በ1970 የመጣው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ፤ የ1991ዱ 140,000 ያህል፤ በ2007 የመጣው ሲድር የተባለው ደግሞ ጥቂት ሺዎችን። የነፋሱ ኃይል ቀንሶ አይደለም። መጠለያዎች ተሠሩ፣ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተዘረጋ፣ በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ የሚቀሰቅሱ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ሆኖም በ1991 ከሞቱት መካከል ሴቶች ከወንዶች በእጅጉ ይበልጡ ነበር። ባሏን ሳታማክር ከቤት መውጣት ያልቻለች፣ ሕፃናትን ተሸክማ መሮጥ ያቃታት፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ወደሚታጨቅበት መጠለያ መግባትን የፈራች ሴት ማስጠንቀቂያው ቢደርሳትም አልጠቀማትም። “የመቋቋም አቅም ገነባን” የሚል ሪፖርት ባነበባችሁ ቁጥር “የማንን?” ብላችሁ ጠይቁ።

ለልምምድ ስለ አንድ አደጋ የተጻፈ ማንኛውንም ዜና ውሰዱና ዜናው ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች ጻፉ። ቀድሞ የሰማው ማን ነበር? ለመውጣት ገንዘብ ወይም መኪና የነበረው ማን ነው? በዚያ ቦታ ላይ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ማን ነው? ካሳ ሲከፈል የባለቤትነት ወረቀት የሌለው ተከራይ ምን አገኘ? ይህ ልማድ ሲሆንላችሁ የምርምር ጥያቄ አያጣችሁም።

2. ዘርፉ ከየት እንደመጣ እወቁ

የአካባቢ ፍትሕ መጀመሪያ የተወለደው ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። ነዋሪዎች “ቆሻሻው ሁልጊዜ እኛ ሰፈር የሚመጣው ለምንድን ነው?” ብለው ሲጠይቁ ነው የተጀመረው። በ1979 በአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ነዋሪዎች በሰፈራቸው አጠገብ ሊከፈት የታቀደ የቆሻሻ መጣያን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠበቃቸው ባለቤቷን፣ ወጣቱን የሶሲዮሎጂ መምህር ሮበርት ቡላርድን፣ ከተማዋ ቆሻሻዋን የት የት ስትጥል እንደኖረች እንዲያጠና ጠየቀችው። ከተማሪዎቹ ጋር መዝገብ አገላብጦ፣ ቦታዎቹን ዞሮ አይቶ ሲጨርስ፣ የከተማው አስተዳደር ንብረት የነበሩት አምስቱም መጣያዎች፣ ከስምንቱ ማቃጠያዎችም ስድስቱ በጥቁሮች ሰፈር የሚገኙ ሆኑ። ጥቁሮች በዚያን ጊዜ የከተማዋ ሕዝብ ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ። ነዋሪዎቹ ክሱን ተረቱ። ያ የጥናት ዘዴ ግን እስከ ዛሬ በየሀገሩ ይሠራበታል፤ በአንድ መዝገብና በአንድ ካርታ ምን ያህል መናገር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1982 በሰሜን ካሮላይና ዋረን ካውንቲ ፒሲቢ በተባለ መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር በአካባቢያቸው እንዳይቀበር መንገድ ላይ የተኙ ሰዎች ነበሩ፤ ከ500 በላይ ታሰሩ። በ1987 አንድ የቤተ ክርስቲያን ኮሚሽን ያስጠናው ሀገር አቀፍ ጥናት የአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃዎች የት እንደሚገኙ ከገቢ ይልቅ የነዋሪው ዘር አጥብቆ እንደሚያመለክት አሳየ። በ1991 በዋሽንግተን የተካሄደ ጉባኤ 17 የአካባቢ ፍትሕ መርሆዎችን አጸደቀ።

ከዚህ ታሪክ የወጡትን አራት የፍትሕ ገጽታዎች ለይታችሁ ያዙ፤ በቃለ መጠይቅም በሪፖርትም ታመዛዝኑባቸዋላችሁ። አንደኛው ጉዳቱና ጥቅሙ እንዴት ተከፋፈለ የሚለው ነው። ሁለተኛው ውሳኔው ሲወሰን ማን ተገኘ፣ ማን ተሰማ የሚል ነው። ሦስተኛው ዕውቅና ነው፤ የዚያ ሕዝብ ዕውቀት፣ ቋንቋና አኗኗር እንደ ቁም ነገር ተቆጠረ ወይ? አራተኛው የደረሰው በደል ታረመ፣ ተካሰ ወይ የሚል ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ስለ መጀመሪያው ብቻ ያወራሉ። እኔ ሁልጊዜ ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ ውሳኔው ላይ ማን እንደነበረ ካወቃችሁ የቀረው ብዙ ጊዜ ራሱ ይገለጣል።

ሕጎቹንም አንብቡ፤ ረጅም አይደሉም። የ1998ቱ የአርሁስ ስምምነት የአካባቢ መረጃ የማግኘት፣ በውሳኔ የመሳተፍና ፍርድ ቤት የመሄድ መብቶችን ያስቀምጣል። በ2018 የጸደቀውና በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የላቲን አሜሪካና የካሪቢያን የኤስካሱ ስምምነት ለአካባቢ ተሟጋቾች ጥበቃን ጨምሯል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጁላይ 2022 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን ሰብአዊ መብት ብሎ ዕውቅና ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ የአየር ንብረት ለውጥ ለሚያደርሰው ኪሳራና ጉዳት የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም ስምምነት ተደርሷል።

3. የአየር ንብረት ሳይንስን በሚበቃችሁ መጠን ተማሩ

ሞዴል መሥራት አይጠበቅባችሁም። የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ሲናገር መከታተልና ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው። የዕለት አየር ጠባይንና የ30 ዓመት አማካይን ለዩ። ትንበያንና “እንዲህ ቢሆን” የሚል የወደፊት ሁኔታ መላምትን ለዩ። “የመቶ ዓመት ጎርፍ” ማለት በየዓመቱ 1 ከመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ እንጂ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመከሰት ዕድሉ 26 ከመቶ ያህል ነው። ይህን ለነዋሪው በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ከቻላችሁ በየትኛውም ቡድን ትፈለጋላችሁ።

ከ1981 ጀምሮ ያለውን ቺርፕስ የተባለ የሳተላይትና የጣቢያ የዝናብ መረጃ ማንም በነፃ ማውረድ ይችላል። የምታጠኑትን ቦታ አውጥታችሁ ዓመት በዓመት ግራፍ ሥሩበት። ከዚያ ከገበሬውና ከአርብቶ አደሩ ቃል ጋር አስተያዩት። ሰዎች “ዝናቡ ጠፍቷል” ሲሉ ግራፉ የዓመቱ ድምር እንዳልቀነሰ ሊያሳያችሁ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዱን ውሸታም፣ ሌላውን እውነተኛ ለማድረግ አትቸኩሉ። ድምሩ ሳይቀንስ ዝናቡ ዘግይቶ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፣ በመካከል ረጅም ደረቅ ቀናት ገብተው ይሆናል፣ ወይም ከላይ አንድ ትልቅ እርሻ ወንዙን ጠልፎ ውሃው አልደርስ ብሎ ይሆናል። የመጨረሻው ከሆነ ነገሩ የአየር ንብረት ጉዳይ ሳይሆን የውሃ ክፍፍል ጉዳይ ነው፤ ስሙን ማስተካከል የእናንተ ድርሻ ነው። አየር ንብረት የሁሉም ነገር ማመካኛ ሲሆን በደሉን ያደረሰው አካል ሳይጠየቅ ይቀራል።

4. አንድ ጉዳትና አንድ ማኅበረሰብ ምረጡ፣ ከዚያም ቆዩበት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እመርጥላችኋለሁ። “የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ ነኝ” የሚል ሰው ብዙ ነው። “ሙቀት ደጅ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞችን ገቢና ጤና እንዴት እንደሚጎዳ አውቃለሁ” የሚል ግን ጥቂት ነው፤ ሲፈለግ የሚጠራውም እሱ ነው። ጎርፍና ተከራዮች፣ ድርቅና የአርብቶ አደር እንቅስቃሴ፣ ከባሕር ዳርቻ የሚነሱ መንደሮች፣ ከቆሻሻ ክምር ላይ ለቅመው የሚኖሩ ሰዎች፣ ለፀሐይና ለነፋስ ኃይል ማመንጫ መሬታቸውን የሚለቁ ባለይዞታዎች፦ እያንዳንዱ ዕድሜ ልክ ያሠራል።

ስትመርጡ ሦስት ነገሮችን አመዛዝኑ። ቋንቋቸውን ትናገራላችሁ ወይ፣ ካልሆነስ ለመማር ፈቃደኛ ናችሁ? ከአምስት ዓመት በኋላ መመለስ ትችላላችሁ? በቅርቡ የሚወሰን ነገር አለ? የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። የመልሶ ማስፈር ዕቅድ፣ የከተማ ማስተር ፕላን ወይም የካሳ መመሪያ ሊጸድቅ ሲል የሚወጣ ጥናት ከጸደቀ በኋላ ከሚወጣው እጅግ ይጠቅማል።

ጉዳቱ ከአየር ንብረቱ ብቻ ሳይሆን ከመፍትሔውም ሊመጣ እንደሚችል አትርሱ። አንዱን ሰፈር ከጎርፍ የሚከልል ግንብ ውሃውን ወደ ማዶው ሰፈር ይገፋዋል። ሙቀት ለመቀነስ የተሠራ መናፈሻ የቤት ኪራይ አስወድዶ ቀድሞ በሙቀቱ የተጎዱትን ያስለቅቃል። የተጎጂዎቹ ስም በየትኛውም ሠንጠረዥ ስለማይገባ ይህን ዓይነቱን ጉዳት የሚመዘግበው እዚያው የቆየ ሰው ነው።

5. ሦስት መሣሪያዎችን በደንብ ያዙ

ቃለ መጠይቅ። “ጎርፉ እንዴት ጎዳችሁ?” ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለጋዜጠኛ የሚነገረው አጭር መልስ ነው የሚመጣላችሁ። “ውሃው እስከ የት ደረሰ?” በሉ። ሰውየው ተነስቶ ግድግዳው ላይ በእጁ ያሳያችኋል፤ እናንተም በሜትር ለክታችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ ያቺን ቀን ከጧት ጀምራችሁ ሰዓት በሰዓት አስኬዷት። ማስጠንቀቂያውን የነገራችሁ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ነበር? መጀመሪያ ያወጣችሁት ምንድን ነው? አቅመ ደካሞቹን ማን ተሸከመ? የት አደራችሁ? በማግስቱ ገንዘብ ያበደረ ማን ነው፣ በምን ስምምነት? ለምዝገባ የመጣው ሰው ምን ወረቀት ጠየቀ? ከዚህ ውስጥ የማኅበራዊ ትስስሩም፣ የዕዳውም፣ የቢሮክራሲውም ታሪክ ይወጣል። ሰውየው ዝም ካለ ዝም በሉ። ማልቀስ ከጀመረ ማስታወሻውን ዘግታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ በኋላ ጠይቁት።

የቤት ለቤት ጥናት። ኮቦ ቱልቦክስ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ መጠይቁን ስልክ ላይ መጫን፣ በአር ወይም በሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተን ቀላል ነው፤ በራሳችሁ ትለምዱታላችሁ። ከባዱ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ማወቅ ነው። የቤቱን አባወራ ብቻ ከጠየቃችሁ ውሃ ስለምትቀዳዋ፣ የታመመውን ስለምታስታምመዋ ሴት ምንም አትሰሙም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ፦ ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ጥናት የሚያገኘው የቀሩትን ሰዎች ነው። በጣም የተጎዱት ለቅቀው ሄደዋል፣ ቤታቸው ተዘግቷል፣ መረጃ ሰብሳቢውም “ሰው የለም” ብሎ ቀጣዩን በር ያንኳኳል። ስለዚህ የተዘጋ ቤት ሁሉ ይመዝገብ፤ ጎረቤት ወዴት እንደሄዱ ይጠየቅ፤ ከሄዱት ጥቂቶቹን በስልክ አፈላልጉ። ይህን ያላደረገ ጥናት አካባቢው “አገግሟል” የሚል ውጤት ይሰጣል፤ የሚሰጡትን እርዳታ ማቋረጥ ለሚፈልጉ ሰዎችም ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

ካርታ። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ በማንኛውም ደህና ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የተበከለ ቦታ ዙሪያ ማን እንደሚኖር ስታሰሉ በአስተዳደር ወሰን ብትቆጥሩ አንድ መልስ፣ ከቦታው በአንድ ኪሎ ሜትር ክብ ብትቆጥሩ ሌላ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። በሁለቱም አስሉና ሁለቱንም አሳዩ፤ አንዱን ብቻ ካሳያችሁ ተቃዋሚያችሁ ሌላውን ይዞ ይመጣል። የተጋላጭነት መለኪያ ቀመሮችንም ተማሩ። በ2003 ሱዛን ከተርና ባልደረቦቿ ያወጡት የማኅበራዊ ተጋላጭነት መለኪያ ለብዙዎቹ መነሻ ሆኗል። የት መሄድ እንዳለባችሁ ለመምረጥ ይረዳሉ። ይሁን እንጂ ሀብታሙንና በግቢው ጥግ የሚኖረውን ተከራይ በአንድ አማካይ ስለሚጨፈልቁ ለመጨረሻ ድምዳሜ አይበቁም።

6. ሰዎቹን ከጥናታችሁ ጠብቁ

ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ አይደለም። ሰውየው “አይሆንም” ቢል ምንም እንደማይቀርበት ማመን አለበት፤ ይህ ደግሞ እርዳታ ከሚያድለው ድርጅት መኪና ላይ ወርዳችሁ ስትጠይቁ አይሆንም። ተለይታችሁ ሂዱ። የቤቶችን የጂፒኤስ ነጥብ ከስም ጋር በአንድ ፋይል አታስቀምጡ። መሬቱን የሚፈልግ ባለሀብት ባለበት ቦታ በይዞታው ላይ ማን ያለ ወረቀት እንደሚኖር የሚያሳይ ካርታ ማተም ለማፈናቀል የተዘጋጀ ዝርዝር መስጠት ነው። ነባር ሕዝቦች ባሉበት በ2007 በጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ የሠፈረውን ነፃ፣ ቅድሚያና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት መርህ ሥራ ላይ አውሉ። “ምን ታመጡልናላችሁ?” ሲሏችሁ እውነቱን ንገሯቸው፦ ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን፣ ቤት ግን አንሠራም።

7. የመጀመሪያውን ሥራ ፈልጉ

የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የመጀመሪያ የሥራ ማስረጃችሁ ነው፤ ለዲግሪ ብቻ ብላችሁ በማታዘልቁት ርዕስ አታባክኑት። መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ መጀመርን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አጥብቄ እመክራለሁ። መጠይቅ ወረቀት ላይ ጥሩ መስሎ ደጅ ላይ እንዴት እንደሚፈርስ ሌላ የሚያስተምር ቦታ የለም። ከዚያ የምርምር ረዳትነት፣ ከዚያ የራሳችሁን ክፍል መምራት ይመጣል።

ሥራው የሚገኘው በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋማት ብቻ አይደለም። በመንግሥት የአደጋ ሥጋትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ በከተማ አስተዳደሮች፣ በሰብአዊ እርዳታና በመብት ድርጅቶች፣ በተባበሩት መንግሥታት ኤጀንሲዎችና በልማት ባንኮች አለ። በተለይ ልማት ባንኮች በሚያበድሩበት ፕሮጀክት ሁሉ ሴፍጋርድ የሚባለውን፣ ፕሮጀክቱ ሰዎችን እንዳይጎዳ የመጠበቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ካለው የዓለም ባንክ የአካባቢና የማኅበራዊ ማዕቀፍ አሥር መስፈርቶች ቢያንስ አራቱን በደንብ እወቁ፦ አንደኛውን ስለ ተጽዕኖ ግምገማ፣ አምስተኛውን ስለ መሬት መውሰድና መልሶ ማስፈር፣ ሰባተኛውን ስለ ነባር ሕዝቦች፣ አሥረኛውን ስለ ባለድርሻዎች ተሳትፎ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በደቡብ ኮሪያ ሶንግዶ የሚገኘው፣ በማደግ ላይ ላሉ ሀገሮች የአየር ንብረት ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው ግሪን ክላይሜት ፈንድ ደግሞ ከእያንዳንዱ የገንዘብ ጥያቄ ጋር የሥርዓተ ጾታ ግምገማና የድርጊት መርሐ ግብር ይጠይቃል፤ ያንን የሚጽፈው የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ ነው።

የሥራ ማስታወቂያዎች “የአካባቢ ፍትሕ” የሚል ስም እምብዛም አይዙም። “የማኅበራዊ ልማት ባለሙያ”፣ “የሴፍጋርድ ባለሙያ”፣ “የመልሶ ማስፈር አማካሪ”፣ “የተጋላጭነት ትንተና”፣ “ክትትልና ግምገማ”፣ “የማኅበረሰብ ተሳትፎ” የሚሉትንም ፈልጉ። ከሲቪያችሁ ጋር ሦስት ነገር አዘጋጁ፦ ሁለት ገጽ የሆነ ግልጽ ማጠቃለያ፣ በራሳችሁ የሠራችሁት አንድ ካርታ፣ በመስክ የተጠቀማችሁበት አንድ መጠይቅ። ቀጣሪ ከምስክር ወረቀት ክምር ይልቅ እነዚህን ያያል።

8. ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቢጋሩን አንብቡ

በአማካሪነት ስትቀጠሩ የፍትሕ ጥያቄው ወደ እናንተ ይዞራል። ቢጋሩን፣ ማለትም የሥራውን ዓላማና ወሰን የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ስታነቡ ፕሮጀክቱ መሠራት አለመሠራቱ ገና ክፍት ነው ወይስ ተወስኖ “የሕዝቡን ድጋፍ” ብቻ ነው የሚፈልጉት ብላችሁ መርምሩ። ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባቀረበችው ባለ ስምንት እርከን የተሳትፎ መሰላል ሕዝብ ሰብስቦ ማሳወቅና ማማከር ገና የይስሙላ ተሳትፎ ደረጃዎች ናቸው፤ የመወሰን ሥልጣን የሚገኘው ከእነሱ በላይ ባሉት እርከኖች ነው። በየትኛው እርከን ላይ እንዳላችሁ ለራሳችሁም ለቀጣሪውም በግልጽ ተናገሩ።

ውሉ ላይ የሚከተሉት በጽሑፍ ይስፈሩ፦ መረጃው የማን ንብረት እንደሆነ፣ ረቂቁን ማን አይቶ አስተያየት እንደሚሰጥና አስተያየቱ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ግኝቱን ለነዋሪው በቋንቋው የማቅረብ መብት እንዳላችሁ፣ ለዚያም ጉዞ በጀት መኖሩን። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቀጣሪው “አስፈላጊ አይደለም” ካለ ያኔውኑ ተከራከሩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማችሁም። ግኝቱ እንዲለዝብ ግፊት ሲመጣ የቃላት ለውጥንና የእውነታ ለውጥን ለዩ። “አስከፊ” የሚለውን ቃል ማውጣት ይቻላል፤ ካሳ ያላገኙ ቤተሰቦችን ቁጥር ማውጣት ግን አይቻልም። እዚያ ላይ ስማችሁን ከሪፖርቱ ማንሳት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሥራው ሸክምም አለው። በተከታታይ የሐዘን ታሪክ የሚሰሙ መረጃ ሰብሳቢዎች ማታ ማታ እየተቀመጡ የሚያወሩበት ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ይያዝ፤ ከአደገኛ ቦታ ማን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ይኑር።

9. ውጤቱን ሦስት ጊዜ ጻፉ፣ ከዚያ ተከታተሉት

ለሙያ ባልደረቦች የሚሆነው ረጅሙ ጽሑፍ አንዱ ነው። ለሚወስነው አካል የሚሆነው ሁለት ገጽ ሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ፣ በማን፣ እስከ መቼ የሚለው ይግባ፤ ዘዴው ከኋላ ይምጣ። ሦስተኛው ለነዋሪው ነው። ይህን በወረቀት ብቻ አትስጡ፤ ካርታውን በትልቁ አሳትማችሁ በስብሰባ መካከል ዘርጉት። ሰዎች ቤታቸውን በጣታቸው እየፈለጉ “ይህ ቦይ እዚህ አይደለም፣ ከዚህ በታች ነው” ይሏችኋል። እርማቱን እዚያው ካርታው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ የተናገረውን ሰው ስም ሳይሆን የተባለውን ብቻ። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ይህን ካደረጋችሁ ሪፖርቱ ይሻሻላል፤ ከጸደቀ በኋላ ካደረጋችሁት ሥነ ሥርዓት ይሆናል።

ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። በአንደኛው ዓምድ የሰጣችሁት ምክረ ሐሳብ፣ በሁለተኛው የተቀበለው መሥሪያ ቤት፣ በሦስተኛው ቃል የተገባበት ቀን፣ በአራተኛው ስትመለሱ ያያችሁት ይጻፍ። ቅጂውን ነዋሪው ለመረጠው ኮሚቴ ስጡ፤ በመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጥያቄውን በየጊዜው ይዘው የሚቆሙት እነሱ ስለሆኑ፣ ቀኑና የኃላፊው የሥራ መደብ በትክክል የተጻፈበት ወረቀት በእጃቸው መኖር አለበት።